ስማቸው አለ፤ ያላያቸው ሲስተሙ ነው



የዛሬው ጽሑፍ ስለ ፊደል ነው። «ደግሞ የፊደል ክርክር!» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ግን አንድ ታሪክ ላስቀድም። ታሪኩ ውስጥ የቤት ማስረጃ፣ የታክሲ ወረፋ እና አንዲት «ጸ» አሉ።

አክስቴ ኮተቤ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። እውነተኛ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ለወሬያችን እንዲመች ዓለምፀሐይ እንበላቸው። ባለፈው ክረምት ስለ ቤታቸው አንድ ማስረጃ ማውጣት ነበረባቸውና ፋይሉ ወደሚገኝበት መሥሪያ ቤት ሄዱ። ከኮተቤ መገናኛ በአንድ ታክሲ፣ ከመገናኛ ደግሞ በሌላ። ዝናቡን ታግሠው፣ ወረፋ ይዘው፣ ተራቸው ደረሰ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ስማቸውን ጠየቀቻቸው፤ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች፤ ጠበቀች። ከዚያ «እማማ፣ ሲስተሙ ላይ የሉም» አለቻቸው።

በሁለተኛው ጊዜ «ምናልባት በባለቤትዎ ስም ይሆን?» ተባሉ። በሦስተኛው «የድሮ ደረሰኝ ካለዎት ይዘው ይምጡ» ተባሉ። በሦስተኛው ቀን ማታ መገናኛ አካባቢ ወደምኖርበት ቤት መጡ። አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። የግብር ደረሰኝ፣ የውኃ ቢል፣ የታጠፈ ካርታ። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የገበርኩበት ቤት የማን ነው ታዲያ?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ካርታውን ገልብጬ ሳየው ግን አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ስማቸውን የጻፈው ሰው «አለምጸሐይ» ብሎ ነው የጻፈው። የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ደግሞ «ዓለምፀሐይ» ይላል። አንደኛው ደረሰኝ ላይ «አለምፀሀይ»፣ ሌላኛው ላይ «ዓለም ጸሃይ» ተብሏል። አራት ወረቀት፣ አራት ዓይነት አጻጻፍ፣ አንዲት ሴትዮ።

በአራተኛው ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ልጅቷን «እህቴ፣ እስቲ በጸሎቱ ጸ ሞክሪልን» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ጸሎቱ የቱ ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ እኔም ይህን ስም የማውቀው አያቴ ፊደል ስላስቆጠሩኝ ነው። ካርታው ላይ ያለውን አጻጻፍ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። እያየች ጻፈች። ደቂቃም አልሞላ።

«አሉ! እማማ፣ አሉ!» አለች።

አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እኔማ ድሮም ነበርኩ» አሏት።

---

ይህ የአንዲት ልጅ ስንፍና አይደለም። ልጅቷ ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች። ሲስተሙም የታዘዘውን አድርጓል። እኔና እናንተ «ፀ» እና «ጸ»ን ስናይ አንድ ድምፅ እንሰማለን። ኮምፒውተር ግን ጆሮ የለውም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ለእሱ «ጸ» አንድ ቁጥር ናት፣ «ፀ» ሌላ ቁጥር። እሱ ዘንድ ሁለቱ «ጸ» እና «ለ» የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ።

ይህን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም የምትሉ እንደ እኔ ያላችሁ ተጠራጣሪዎች ካላችሁ መሣሪያው አለ። ዋጋው ነፃ ነው፤ ስሙም «ዩኒኮድ» ነው። ፊደል ሰጥታችሁት ቁጥሯን የሚነግራችሁ፣ ቁጥር ሰጥታችሁት ፊደሏን የሚያሳያችሁ፣ በጥቁሩ መስኮት (በተርሚናል ማለቴ ነው) የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም።

እኔ የምጠቀመው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የተጫነ ኡቡንቱ ነው። ተርሚናሉን ከፍቶ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ዩኒኮድ» የሚለውን በላቲን ፊደል መጻፍና ኢንተር መምታት ብቻ ነው። የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። ስትጽፉ ምንም ነገር፣ ኮከብ ምልክት እንኳ፣ ስክሪኑ ላይ ላይታይ ይችላል። ኪቦርዱ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደናገጡ፤ ጠባዩ ነው። ዝም ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር ምቱ። ፕሮግራሙ ትንሽ ስለሆነ የሞባይል ዳታ ለምትቆጥቡም አይከብድም። በአማርኛ ፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታያችሁ ችግሩ የፎንት ነው፤ «አቢሲኒካ ሲል» የተባለውን ነፃ ፎንት በተመሳሳይ መንገድ መጫን ይቻላል። ዊንዶውስ የምትጠቀሙም ኡቡንቱን ዊንዶውስ ውስጥ አስገብታችሁ ይህንኑ ማድረግ ትችላላችሁ።

ከዚያ «ዩኒኮድ» ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ሰጥታችሁ፣ ፊደሏን ጻፉ። «ሀ»ን ብትሰጡት 1200 ይላችኋል። «ሐ» 1210 ናት። «ኀ» 1280። «ጸ» 1338፣ «ፀ» 1340። እነዚህ ቁጥሮች በአሥራ ስድስት ቤት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እኛ በለመድነው በአሥር ቤት ሲመነዘሩ «ሀ» 4608 ትሆናለች፤ ፕሮግራሙ ይህንንም ጎን ለጎን ይጽፍላችኋል። ከቁጥሩ ጋር የፊደሏን የእንግሊዝኛ ስም፣ ፋይል ውስጥ ስትቀመጥ የምትይዘውን ባይት፣ ፊደል ትሁን ምልክት ትሁን ዓይነቷን ይነግራችኋል። አንዲት የአማርኛ ፊደል በተለመደው የፋይል አቀማመጥ ሦስት ባይት ትይዛለች፤ የእንግሊዝኛዋ «ኤ» አንድ። ሙሉ ቃል ፊደል በፊደል እንዲተነትንላችሁ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከቃሉ በፊት ሰረዝና «ኤስ» ጨምሩ።

አቀማመጡም ደስ ይላል። ፊደል ገበታውን በቃሉ ለያዘ ሰው ቁጥሮቹ እንግዳ አይደሉም። ሀ 1200፣ ሁ 1201፣ ሂ 1202፣ ሃ 1203 እያለ ይሄዳል። አያቶቻችን በሸንበቆ ስንጥር እየጠቆሙ ያስቆጠሩንን ነው ማሽኑ በቁጥር የደገመው።

የእንግሊዝኛ ስሞቹ ግን አንጀት አያርሱም። ሐመሩን ሐ ሁለት «ኤች» ደርበው ሰይመውታል፤ ብዙኃኑን ኀ በ«ኤክስ»። እኛ ግን ስም ነበረን። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እያንዳንዱ ስም ፊደሉ የሚገባበትን ቃል ይዞ ይዞራል። ስሙን ካወቅህ መቼ እንደምትጽፈው ታውቃለህ። እነዚህን ስሞች ረስተን በስልክ ስንነጋገር «ያቺ እንትን የምትመስለው ሐ» የምንባባል ሆነናል።

---

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

ዓለምፀሐይ የሚለው ስም ድምፁ ሳይለወጥ በስንት መንገድ ሊጻፍ ይችላል? የመጀመሪያው ፊደል ዓ፣ ዐ፣ አ ወይም ኣ ሊሆን ይችላል፤ አራት። ቀጥሎ ፀ ወይም ጸ፤ ሁለት። ቀጥሎ ሐ፣ ሓ፣ ሀ፣ ሃ፣ ኀ፣ ኃ፤ ስድስት። ስሙ ተያይዞ ወይም ተነጣጥሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለት። አራት በሁለት፣ በስድስት፣ በሁለት ስናባዛ 96 ይመጣል። ዘጠና ስድስት አጻጻፍ፣ አንድ ስም።

የአባታቸውን ስም ደግሞ ኃይለ ሥላሴ እንበል። ለ«ኃ» ስድስት፣ ለ«ሥ» ሁለት፣ ለ«ሴ» ሁለት፣ ለማያያዝና ለመነጠል ሁለት። 48። እንግዲህ የአክስቴ ስም ከነአባታቸው 96 በ48፣ ማለትም 4608 መልክ አለው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ይህ ቁጥር የ«ሀ» ቁጥር ራሱ ነው። አጋጣሚ ነው፤ ግን እኔን አሳቀኝ።

ልጅቷ ከ4608 በሮች አንዱን አንኳኩታ ነው «የሉም» ያለችው።

ቀልድ ከመሰላችሁ ስልካችሁን ክፈቱ። የስም ዝርዝራችሁ ውስጥ «ኃይሉ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ሰው «ሀይሉ» ብላችሁ ፈልጉት። ከዚያ «ሃይሉ» በሉት።

---

እኔም ከአክስቴ መሥሪያ ቤት የተሻልኩ አልነበርኩም። ይህን የምጽፈው ራሴን ንጹሕ አድርጌ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ኀፍረቴን ልንገራችሁ።

ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ቢሮ የለውም፤ ያለው ማኅደር ነው። ከዓመታት በፊት የሠራኋቸውን ቃለ መጠይቆች፣ ማስታወሻዎችና ረቂቆች ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጬ በፍለጋ ነው የምኖረው። አንድ ጊዜ ስለ ቤት ሥራ ማኅበራት ስጽፍ ማኅደሬን ፈለግሁ፤ «ማኅበር» ብዬ በብዙኃኑ ኀ። ምንም አልመጣም። እኔም በልበ ሙሉነት «ይህን ጉዳይ እስካሁን አንሥቶ የጻፈ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ በወጣ ማግሥት አንድ ታላቅ የሥራ ባልደረባዬ ከዓመታት በፊት በዚሁ ጉዳይ የተጻፈ ጽሑፍ ፎቶ ላከልኝ። የጸሐፊው ስም የእኔ ነበር። ያኔ «ማህበር» ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «አልተገኘም» እና «የለም» አንድ እንዳልሆኑ ገባኝ። ጋዜጠኛ «የለም» ሲል፣ የመዝገብ ሠራተኛ «የለም» ስትል፣ ዳኛ «ማስረጃ የለም» ሲል፣ ከጀርባው አንዲት የተለወጠች ፊደል ልትኖር ትችላለች። በዚያች ፊደል ውስጥ የአንድ ሰው ቤት፣ ጡረታ ወይም የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ሊኖር ይችላል።

መሣሪያውም ከዚያ ወዲህ ሌላ ጉድ አሳየኝ። አራት ነጥባችንን «።» ስጡት፤ 1362 ይላችኋል። ብዙ ጽሑፎች ላይ ያለውን «፡፡» ስጡትና እዩ። ሁለት ጊዜ 1361 ይመጣል። ማለትም አራት ነጥብ አይደለም፤ ሁለት የቃል መለያ ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ቆሞ ነው። ለዓይን አንድ ነው። ዓረፍተ ነገር እየቆረጠ የሚያነብ ፕሮግራም ግን ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ብሎ ያምናል። ማሽን አማርኛ አያውቅም ብለን እንወቅሳለን፤ ነጥቡን እንኳ በትክክል አልሰጠነውም።

ከሁሉ የከፋው ግን የድሮ ሰነድ ነው። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት አማርኛ የምንጽፍባቸው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች ትልቅ ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ያለ እነሱ የስንት ዓመት መጽሐፍና ጋዜጣ ባልታተመ ነበር። ሆኖም የድሮዎቹ አሠራር ጭምብል ነበር። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና የምልክት ቁጥር ነው፤ ፎንቱ በላዩ ላይ የአማርኛ መልክ ያለብሰዋል። ፎንቱ ሲጠፋ ጭምብሉ ይወልቃል፤ ገጹ ሙሉ የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ቁርጥራጭ ይሆናል። በዚያ መንገድ ከተዘጋጀ ፒዲኤፍ ላይ አንድ አንቀጽ ገልብጣችሁ ስልካችሁ ላይ ለጥፉት፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። ስክሪኑ ላይ «ሀ» የምትመስለውን ገልብጣችሁ ለመሣሪያው ብትሰጡት የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ናት ይላችኋል። እንዲህ ባሉ ሰነዶች ውስጥ ሕግ አለ፤ ውሳኔ አለ፤ ታሪክ አለ። ግን በአማርኛ ቢፈለግ አይገኝም፤ ምክንያቱም ውስጡ አማርኛ የለም።

---

እዚህ እስክንደርስ ቀላል አልነበረም። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር ከደከሙ ወዲህ እያንዳንዱ አዲስ ማሽን «ፊደላችሁ በዛብኝ» ሲለን ኖሯል። ኮምፒውተር ሲመጣ እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ይህን ያስታረቀው ዩኒኮድ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ለዚህ ዓመታት ሰጥተዋል። ከዚያም በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ሌሎች ቋንቋዎቻችን የሚጠቀሙባቸው ፊደላት ተጨመሩ፤ የመጨረሻዎቹ ለጉራጌ ቋንቋዎች ጽሕፈት የሚያገለግሉ ናቸው። ዛሬ በጠቅላላው 523 ደርሰዋል። ስለዚህ ፊደላችን ማሽን ውስጥ መኖሪያ አላጣም። መኖሪያ አግኝቶ ነው እርስ በርስ መፈላለግ ያቃተው።

ዩኒኮድን «ለምን ሀ እና ሐን አንድ አላደረገም?» ብሎ መውቀስ ስሕተት ነው። አንድ አይደሉማ! «ሠረቀ» ሲል ግዕዙ ፀሐይ ወጣች ማለቱ ነው፤ «ሰረቀ» ሲል ሌባ ገባ። «ዓመት» ዘመን ነው፤ «አመት» የሴት አገልጋይ ናት። ምሕረት በሐመሩ ሐ ይቅርታ ነው፤ ትምህርት በሃሌታው ሀ ዕውቀት። ትግርኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችን ሐ እና ዐን ዛሬም በጉሮሯቸው ለይተው ይጠሯቸዋል። ዩኒኮድ እኛን ብሎ ብቻ የተሠራ አይደለም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሁለት የቆዩ ሰፈሮች አሉን።

አንደኛው ሰፈር «ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ» ይላል። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም በ1970ዎቹ አቅርቦት ነበር። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ልጆች ለአንድ ድምፅ ሦስት አራት ፊደል ለምን ይማራሉ? አብዛኛው ጸሐፊ ራሱ የማይለየውን ለምን እንሸከማለን? ይላሉ።

ሁለተኛው ሰፈር «ሰው በትክክለኛው ፊደል ይጻፍ» ይላል። ልቤ ወደዚህ ያደላል። ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ሳታዩ አልቀራችሁም፤ የምችለውን ያህል ፊደሉን ጠብቄ ለመጻፍ እሞክራለሁ። ነገር ግን ሐቀኛ እንሁን። ሊቃውንቱስ ይስማማሉ? ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ያሳተሙት ትልቁ መዝገበ ቃላት ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው፤ በዓይኑ ዐ። የምንኖርባት ከተማ ደግሞ ስሟን በአልፋው አ ትጽፋለች። የግዕዙ ሥር ሐዲስ ነው። የትኛውን ልጅ በየትኛው እንቅጣ?

እኔ ግን ሁለቱንም ሰፈሮች አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። አክስቴን ማን ይረዳቸዋል? ፊደሉ ነገ በአዋጅ ቢቀነስ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተጻፈው ካርታ አይቀነስም። ሁሉም ሰው ከነገ ጀምሮ በትክክል ቢጽፍም ትናንት የተጻፈው አይታረምም። ካርታው ላይ በፀሐዩ ፀ ፈንታ ጸሎቱን ጸ የጻፈው ሰው ምናልባት ዛሬ በሕይወት የለም። የጻፈውም ሕጋዊ ሰነድ ነው። ፊደል ቀናሹም ፊደል ጠባቂውም ስለሚጻፈው ይከራከራሉ። የአክስቴ ችግር ግን ስለሚፈለገው ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ፊደሎቹን አትንኩ፣ ፍለጋውን አስተካክሉ።

---

ይህ እንዴት ይሠራል? አስማት አይደለም። ለመረጃ ቋት ሠሪዎች የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የሰውዬው ስም እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ አንዲት ነጥብ አይነካም። ጎኑ ላይ ሌላ የተሸሸገ ዓምድ ይጨመራል፤ የፍለጋ መልክ እንበለው። እዚያ ዓምድ ላይ ሐ እና ኀ ከነዘራቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ። ሃ ከሀ ጋር፣ ኣ ከአ ጋር ይቆጠራሉ። ክፍት ቦታ ይጠፋል። አምስት ፊደል በሰባት ዘር ሠላሳ አምስት ረድፍ፣ ሁለት ሲጨመር ሠላሳ ሰባት። ልጅቷ የምትጽፈውም ስም ከመፈለጉ በፊት በዚሁ ወንፊት ያልፋል። ያን ጊዜ 4608ቱ በሮች አንድ በር ይሆናሉ። የአማርኛን ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ይህን ዘወትር ያደርጉታል። ከጥናት ወረቀት ወደ መስኮት መምጣት ነው የቀረው።

«ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ቢያደባልቅስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ነው። አይደባልቅም፤ ሁለቱንም ያሳያል እንጂ። ሠራተኛዋ የእናት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ፎቶ አይታ ትለያለች። ሁለት ሰው አሳይቶ «የትኛዋ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ አንድም ሰው ሳያሳዩ «የሉም» ከማለት በስንት ጣዕሙ! ሰው ፊት ቆሞ «የለህም» መባል ምን እንደሚመስል አክስቴን ጠይቁ።

ይህን አሁን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ የወረቀት ፋይል ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የፋይዳ ቁጥር ከብዙ አገልግሎት ጋር እየተያያዘ ነው። ቁጥርና አሻራ ወደፊት ብዙ ያቀልልናል፤ ግን የትናንቱ ካርታ ላይ የፋይዳ ቁጥር የለም። የትናንቱን ከዛሬው ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ስም ነው። ድልድዩ በአንዲት ፊደል ከተሰበረ፣ ወረቀቱን ከዝናብና ከአይጥ አድነን ኮምፒውተር ውስጥ ልንቀብረው ነው። የወረቀት ፋይል ቢጠፋ እንኳ አንድ አሮጌ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «ቆይ፣ እኚህን ሴትዮ አውቃቸዋለሁ» ብሎ መደርደሪያ ያገላብጥ ነበር። ሲስተም ግን ሰው አያውቅም።

ሲስተሙ እስኪስተካከል እኛ የምንችለውን እናድርግ።

መስኮት ላይ የምትሠሩ እህት ወንድሞች፤ «የለም» ከማለታችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት አጻጻፍ ሞክሩ። ሀ ካለ ሐ፣ ሠ ካለ ሰ፣ አ ካለ ዐ፣ ፀ ካለ ጸ። ባለጉዳዩን «የድሮው ወረቀት ላይ እንዴት ነው የተጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች ጥያቄ አራት ቀን ታድናለች።

መገናኛ በየሕንፃው ሥር ማመልከቻ የምትጽፉ ባለሙያዎች፤ ደንበኛው ስሙን በአፉ ሲነግራችሁ አትመኑት፤ መታወቂያውን አይታችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ። ቤቴ አጠገብ ያለችው ጸሐፊ ይህን ከነገርኳት ወዲህ «በየትኛው ሀ ይሁን፣ ወንድሜ?» ሳትል አትጀምርም። ተርሚናል የሚባል ነገር መክፈት ለማትፈልጉም መላ አለ። ዎርድ ላይ ፊደሏን ጽፋችሁ ወዲያው «ኦልት» እና «ኤክስ»ን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ፊደሏ ወደ ቁጥሯ ትለወጣለች። ድጋሚ ስትጫኑ ትመለሳለች። አራት ነጥባችሁ እውነተኛ አራት ነጥብ መሆኑን በዚህ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

የሙያ ባልደረቦቼ፤ ማኅደራችሁን አንድ ጊዜ በዚህ ዓይን ፈትሹት። በድሮ ፎንት የተጻፈ ካላችሁ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ሳይሞት ወደ ዩኒኮድ ለውጡት። «ማንም አልጻፈውም» ከማለታችሁ በፊት በሌላው ሀ ፈልጉ። ከእኔ ኀፍረት ተማሩ።

ሲስተም የምትሠሩ ልጆች ደግሞ፤ ብዙዎቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። «በውሉ ላይ አልተጠየቅንም» እንደምትሉም አውቃለሁ። እሺ፤ ሳትጠየቁ አድርጉት። ሠላሳ ሰባት ረድፍ ነው።

---

አክስቴ ማስረጃቸውን በዚያው ሳምንት አወጡ። ሲሰጧቸው ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም በጣታቸው እየተከተሉ ፊደል በፊደል አነበቡት። ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። «ፀሐዩን ፀ ትተው ጸሎቱን አድርገውታል» አሉኝ።

«ይስተካከልልዎት?» አልኳቸው።

«ተወው፣ ልጄ» አሉኝ። «አሁን ያገኙኝ በዚህ ነው። ካስተካከሉት ደግሞ መልሰው ያጡኛል።»

ይህን የመጨረሻ ቃላቸውን ነው ለእናንተ ይዤ የመጣሁት። አንዲት ፊደል የተማሩ እናት ስማቸው ተሳስቶ እንዲቀር የሚመርጡት በትክክል ከተጻፈ እጠፋለሁ ብለው ስለሚፈሩ ከሆነ፣ ሊፈተሽ የሚገባው የእሳቸው ስም ሳይሆን የእኛ ፍለጋ ነው።

መዝገብ ቤት የሚሠራ ወይም ሲስተም የሚያበጅ ወዳጅ ያላችሁ ይህን አጋሩለት።

ቸር እንሰንብት።